ረጅሙ ሰው ለምን ከሜዳ ይወጣል?

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩ።

በአንድ ሩሲያዊ ልጀምር። ቲሞፌይ ሞዝጎቭ ይባላል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ነው። በ2015 በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፍጻሜ የክሊቭላንድ ካቫሊየርስ ሴንተር ነበር፤ ሴንተር ማለት ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ሰው ነው። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፤ ክሊቭላንድ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን 2 ለ 1 እየመራ ወደ አራተኛው ጨዋታ ገባ። በዚያ ምሽት ሞዝጎቭ 28 ነጥብ አስቆጠረ። 10 ሪባውንድም፣ ማለትም ተስቶ የተመለሰ ኳስ፣ ያዘ። የቡድኑ ኮከብ ሌብሮን ጄምስ እንኳ 20 ላይ ነው የቆመው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ስንት ደቂቃ የተጫወተ ይመስላችኋል? ዘጠኝ። ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ! አንድም ነጥብ አላስቆጠረም። የቀረውን ጊዜ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው።

አልተጎዳም። ከአሰልጣኙ ጋር አልተጣላም። ነገሩ ወዲህ ነው። በአራተኛው ጨዋታ የጎልደን ስቴቱ አሰልጣኝ ስቲቭ ከር የራሱን ሴንተር አንድሩ ቦገትን ከቋሚ አሰላለፍ አወጣው። በቦታው 1 ሜትር ከ98 የሆነውን አንድሬ ኢጉዳላን አስገባ። የሴንተሩን ሥራ ደግሞ ለድሬይመንድ ግሪን ሰጠው። እሱም ቁመቱ ያው 1 ሜትር ከ98 ነው። ሞዝጎቭ እነዚህን ሰዎች ከላይ እያያቸው 28 ነጥብ ከመረባቸው። ቡድኑ ግን 103 ለ 82 ተሸነፈ። ልብ በሉ፣ በ21 ነጥብ! ጎልደን ስቴት የሞዝጎቭን 28 ነጥብ እንደ ኪራይ ቆጠረው። ኪራዩን ከፈለ፣ ሜዳውን በሙሉ ወሰደ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ኢጉዳላም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በማግስቱ ዓመት ክረምት፣ በ2016፣ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ይህንኑ ሞዝጎቭን ለአራት ዓመት በ64 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በእርግጥ ያ ክረምት እብደት ነበር። ከአዲሱ የቴሌቪዥን ውል የመጣው ገንዘብ የአንድ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ በአንድ ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን አሳድጎት ነበር። ሁሉም እጁ ላይ ገንዘብ ነበረው። ቢሆንም አንዱ አሰልጣኝ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የማይሰጠውን ሰው ሌላው ክለብ በ64 ሚሊዮን ይገዛዋል። የማን ሂሳብ ነው ትክክል?

የዛሬው ወሬዬ ይህ ነው። የድሮው ዓይነት ሴንተር፣ ያ ቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ግዙፍ ሰው፣ ዋጋው ስንት ነው? ማንስ ነው የሚተምነው?

የተለመደውን ታሪክ ሰምታችኋል። ከርቀት የሚወረወረው ባለ 3 ነጥብ ውርወራ መጣ፣ ሴንተር ሞተ፣ ከዚያ የዴንቨሩ ሴንተር ኒኮላ ዮኪች መጣና ከሞት አስነሣው። ለወሬ ይመቻል። እኔ ግን አልስማማም። በእኔ እምነት ቁመት ለአንድ ቀን እንኳ አልረከሰም። የረከሰው ቆሞ መጠበቅ ነው።

ትንሽ የራሴን ላውራ። በጉርምስናዬ ከእኩዮቼ ሁሉ ረጅም ነበርኩ። የመጀመሪያ አሰልጣኜ አየኝና በጣቱ ቅርጫቱን አሳየኝ። «አንተ እዚያ ቁም» አለኝ። ሌሎቹ ኳስ ማንጠር ተማሩ፣ ማቀበል ተማሩ፣ ከርቀት መወርወር ተማሩ። እኔ መቆም ተማርኩ። ጎበዝ ቋሚ ወጣኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዘመኑ ዕውቀት ነው የሠራው። ረጅም ሰው ካገኘህ ከቅርጫቱ አታርቀው፤ ሕጉ ይህ ነበር።

ሕጉም ምክንያት ነበረው። ጆርጅ ማይካንን እዩት። 2 ሜትር ከ8፣ መነጽር ያደረገ፣ የሚኒያፖሊስ ሌከርስ ሴንተር። በ1949 የኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የውጭ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሌከርስ ከኒክስ አልነበረም። ማይካን ከኒክስ ነበር። አንድ ሰው ከአንድ ቡድን ጋር! በኅዳር 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ማይካንን የሚያስቆምበት ዘዴ ሲጠፋው ኳሱን ይዞ ዝም ብሎ መቆም ጀመረ። ጨዋታው 19 ለ 18 አለቀ። እስከ ዛሬ በኤንቢኤ ታሪክ ዝቅተኛው ውጤት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ተመልካች አሰልችቶ ነው በ1954 የ24 ሰከንዱ ሰዓት የመጣው።

በ1951 ደግሞ ከቅርጫቱ ፊት ያለው፣ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ የማይቆምበት ክልል፣ ከ1.83 ሜትር ወደ 3.66 ሜትር ሰፋ። ማይካንን ለማራቅ። በ1964 እንደገና ወደ 4.88 ሰፋ። ይህኛው ዊልት ቻምበርሌንን ለማራቅ ነው። ቻምበርሌን በ1961-62 በአንድ ጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ነው። 100 ነጥብ ያገባበት ምሽትም በዚያው የውድድር ዓመት ነው። የኮሌጁ ሊግ ደግሞ በ1967 ዳንክ፣ ማለትም ዘሎ ኳሷን ከላይ በእጅ ቅርጫቱ ውስጥ መክተትን፣ ከለከለ። ብዙዎች እንደሚያምኑት ካሪም አብዱል-ጀባርን ለማቆም ነው፤ ያኔ ስሙ ሉ አልሲንዶር ነበር። ክልከላው እስከ 1976 ቆየ። ካሪም ምን አደረገ? ዳንክ ስትከለክሉኝ ብሎ ሁክ የሚባለውን፣ ያንን ማንም የማይደርስበትን ከጎን ከራስ በላይ የሚወረወር የአንድ እጅ ውርወራ አጠራው። 38,387 ነጥብ ይዞ ጡረታ ወጣ። አንዳንዴ የሚከለክልህ ሰው ነው የሚያስተምርህ።

ይህን ሁሉ የማነሣው አንድ ነገር እንድታዩ ነው። ሕግ አውጪዎች ቅርጫቱ ሥር የሚቆመውን ሰው ለማራቅ ሲታገሉ ነው የኖሩት። ይህን ያህል የሚታገሉት ሰው ዋጋው ስንት እንደነበር አስቡት።

ፖርትላንድ ትሬል ብሌዘርስ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። በ1984 ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ ሂውስተን ሃኪም ኦላጁዎንን በአንደኝነት ወሰደ። ፖርትላንድ ሁለተኛ ነበር። ሴንተሩን ሳም ቦዊን መረጠ። ሦስተኛው ማይክል ጆርዳን ነው። ሰዉ እስከ ዛሬ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ፖርትላንድ ክላይድ ድሬክስለር ነበረው፤ በጆርዳን ቦታ የሚጫወት ጎበዝ ልጅ። የጎደለው ረጅም ሰው ነበር። በዘመኑ ስሌት ሴንተር ሳይኖርህ ዋንጫ ማሰብ ቅዠት ነው። በ2007 ይኸው ክለብ አንደኛ ምርጫ ደረሰው። ግሬግ ኦደንን ወሰደ፤ ኬቨን ዱራንት ሁለተኛ ወጣ። ኦደን ጉልበቱ አልተሻለውም። በጠቅላላ የኤንቢኤ ዕድሜው 105 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። የረጅም ሰው ነገር ይህም አለበት። ያንን ሁሉ ክብደት የሚሸከሙት ያው ሁለት ጉልበትና ሁለት ቁርጭምጭሚት ናቸው።

እሺ፣ ታዲያ ምን ተለወጠ?

ብዙ ሰው ባለ 3 ነጥቡ ይላል። መስመሩ ግን ኤንቢኤ የገባው በ1979 ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚወረውረው ባለ 3 ነጥብ በአማካይ ሦስት እንኳ አይሞላም ነበር። መስመሩ ተሠምሯል፣ ሰዉ ግን አይጠቀምበትም። በ2024-25 አማካዩ ከ37 አልፏል። በመሃል የሌከርሱ ሴንተር ሻኪል ኦኒል፣ ሻክ የሚሉት፣ መጥቶ፣ ሊጉን አንቀጥቅጦ፣ ከ2000 እስከ 2002 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። ሦስቱንም ጊዜ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነው። በሕይወቱ ያስቆጠረው ባለ 3 ነጥብ አንድ ብቻ ነው። አንድ! ስለዚህ መስመሩ ብቻውን ሴንተርን አልገደለም።

ሰው የሚዘነጋው የ2001ን የሕግ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት በኤንቢኤ ተከላካይ እንደፈለገ ባዶ ቦታ መጠበቅ አይችልም ነበር። የራስህን ሰው ተከተል፣ ወይም ኳስ የያዘውን ሄደህ ለሁለት ያዘው። መሃል ላይ መንሳፈፍ ክልክል ነው። ይህ ለሴንተር ገነት ነበር። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳስ ይጠይቃል፤ ኳስ ይመጣለታል። ረዳት ከመጣበት ከየት እንደመጣ በግልጽ ያያል። ካልመጣ አንድ ለአንድ ነው። ሻክ አንድ ለአንድ ማለት ደግሞ ታውቃላችሁ።

ከ2001-02 ጀምሮ ዞን፣ ማለትም ሰው ከመከተል ይልቅ ቦታ መጠበቅ፣ ተፈቀደ። ተከላካዩ ከሴንተሩ ፊት መቆም ይችላል፣ ከኋላው ሌላ ሰው ይጠብቃል። ኳሷ ወደ ሴንተሩ እጅ መግባቷ ራሱ ፈተና ሆነ። ከገባችም ሰዓቱ እየበላ ነው። ከ24 ሰከንዱ ስምንቱ፣ አሥሩ ኳስ በማስገባት ብቻ ይሄዳል።

አሁን ሂሳቡን ጨምሩበት። ከ100 ባለ 3 ነጥብ ውርወራ 36 የሚያስገባ ቡድን በአንድ ውርወራ 1.08 ነጥብ ያገኛል። ሴንተሩ በሁለት ነጥብ ይህን ለመድረስ ከ100 ሙከራ 54 ማስገባት አለበት። በጀርባ እየገፋህ፣ ሁለት እጅ ፊትህ ላይ እያለ፣ ሁክ ወርውረህ 54? ታላላቆቹ ያደርጉታል። መካከለኛው ሴንተር አያደርገውም። የወደቀው እንግዲህ መካከለኛው ነው። በየቡድኑ የነበረው ያ ጎበዝ፣ ታታሪ፣ 14 ነጥብ 9 ሪባውንድ የሚያመጣው ሰው።

በነገራችን ላይ፣ ሻክን ሆን ብሎ ፋውል መሥራት ብልህነት ይመስላቸው ለነበሩት አንድ ነገር ልበል። ሻክ ከቅጣት ውርወራው 52.7 በመቶ ያስገባ ነበር። ሁለት ውርወራ ማለት 1.05 ነጥብ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ተራ ጥቃት ከሚያመጣው ብዙም አያንስም። ጫጫታው ነው የበዛው እንጂ ትርፉ ያን ያህል አልነበረም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ማጥቃት ነው። እውነተኛው ቁስል ግን መከላከሉ ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሜዳው ላይ የጎልደን ስቴቱ የርቀት ወርዋሪ ስቴፈን ከሪ ኳስ ይዞ ቆሟል በሉ። ከቅርጫቱ ስምንት ሜትር ይርቃል። አንድ ጓደኛው መጥቶ ለከሪ ተከላካይ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ስክሪን የምንለው ነው። የዚያ ጓደኛ ጠባቂ እናንተ ናችሁ፤ 2 ሜትር ከ16፣ ከባድ፣ ሴንተር። ምን ታደርጋላችሁ? ወደ ኋላ ሸሽታችሁ ቅርጫቱን ብትጠብቁ፣ ከሪ ማንም ሳይነካው ይወረውራል። ወጥታችሁ ብትገጥሙት፣ በጎናችሁ አልፎ ይሄዳል፤ ከኋላችሁ ማንም የለም። ሰው ብትቀያየሩ፣ በሰፊው ሜዳ ላይ ብቻችሁን ከከሪ ጋር ቀራችሁ። ሦስቱም በር ወደ ገደል ነው። ተጋጣሚ ደግሞ ይህን አንዴ አድርጎ አይተዋችሁም። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ፣ አሰልጣኛችሁ እስኪሰለቸው ድረስ እናንተኑ ይፈልጋል።

ድሮ ከዚህ የሚያድናችሁ ነገር ነበር። ከተጋጣሚ አምስት ሰዎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከርቀት መወርወር አይችሉም። የእነሱ ጠባቂዎች ቅርጫቱ አጠገብ ሆነው ያግዟችኋል። እናንተም የምትጠብቁት ሰው ያው እንደናንተ ቅርጫቱ ሥር ነው የቆመው። አምስቱም መወርወር ሲችሉ ግን ሁሉም ጠባቂ ወደ ውጭ ተጎተተ። እናንተም ተጎተታችሁ።

ሮይ ሂበርት ላይ የደረሰው ይህ ነው። 2 ሜትር ከ18 የሆነ የኢንዲያና ፔሰርስ ሴንተር። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ በመዝለል፣ ፋውል ሳይሠራ ቅርጫቱን የመዝጋት ጥበብን እንደሱ ያስመሰከረ አልነበረም። በ2014 ኢንዲያና የምሥራቁ ምድብ አንደኛ፣ አትላንታ ስምንተኛ ሆነው በመጀመሪያው ዙር ተገናኙ። አትላንታ ፔሮ አንቲች የሚባል ሰው ነበረው። ሴንተር ነው፤ ግን ከውጭ ይወረውራል። ሂበርት ቅርጫቱን ትቶ ሊከተለው ነው? ወይስ ሊተወው? ኢንዲያና በሰባት ጨዋታ ተፍጨርጭሮ አለፈ። ሂበርት ግን በመሃል አንድም ነጥብ ያላገባባቸው ጨዋታዎች ነበሩ። በዚያው የውድድር ዓመት የኮከቦች ጨዋታ ላይ የተሰለፈ ሰው ነው! የ2017-18 የውድድር ዓመት ሲጀምር ኤንቢኤ ውስጥ አልነበረም። ዕድሜው ገና 30 ነበር።

ቁመቱ አልቀነሰም። ጥበቡም አልጠፋም። ቤቱን ከሥሩ አፈረሱበት።

ሊጉም ምልክቱን ቀድሞ ሰጥቶ ነበር። በ2012 ሊጉ ከኮከቦች ጨዋታ መምረጫ ላይ ሴንተር የሚለውን ቦታ ሰረዘ። የፊት መስመር ተባለና ታለፈ። የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ብታዩ፣ ሻክ በ2000 ከወሰደ በኋላ ሌላ ሴንተር እስኪወስድ 21 ዓመት ፈጀ። ቲም ደንከን ሁለቴ ወስዷል የሚል አለ፤ አውቃለሁ። ወረቀት ላይ ፓወር ፎርዋርድ፣ ማለትም ከሴንተሩ ጎን የሚሰለፍ የፊት ተጫዋች፣ ነው። ሜዳ ላይ ምን እንደነበር ግን ለክርክር ሌላ ምሽት ያስፈልገናል።

አሁን የምወደው ምሳሌ ላይ ደረስን። የካቲት 2020። ሂውስተን ሮኬትስ ሴንተሩን ክሊንት ካፔላን ለአትላንታ ሰጠና ያለ ሴንተር እጫወታለሁ አለ። በቦታው የቆመው ፒጄ ተከር፣ 1 ሜትር ከ96። በፕሌይኦፍ፣ ማለትም በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ሌከርስን ገጠሙ። ሌከርስ ሁለት የድሮ ዓይነት ሴንተሮች ነበሩት፤ ድዋይት ሃዋርድና ጃቬል ማጊ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሂውስተን አሸነፈ። ሌከርስ ቀስ በቀስ ሁለቱንም ግዙፎች ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ አንተኒ ዴቪስን ወደ መሃል አዞረ፤ አራቱን ተከታታይ ጨዋታ አሸነፈ። ሃዋርድ ያለቀለት መሰለ።

ከዚያ የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ መጣ። ተጋጣሚው ዴንቨር ነው። ዴንቨር ዮኪች አለው። ሃዋርድ ከወንበሩ ተነሣ፣ ገባ፣ ዮኪችን እየገፋ፣ እየነካካ፣ እያናደደ ተጫወተ። ሌከርስ አለፈ። በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰደ።

ያው ሰው ነው። ያው ዕድሜ፣ ያው ቁመት፣ ያው ወር። በአንዱ ተጋጣሚ ፊት ዋጋው ዜሮ፤ በሚቀጥለው ፊት ያለሱ አይሆንም። ታዲያ የሃዋርድ ዋጋ ሃዋርድ ውስጥ አለ ትሉኛላችሁ? እኔ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ላይ ነው የተጻፈው እላለሁ። ለዚህ ነው ስለ አንድ ሴንተር ስጠየቅ ስንት ነጥብ ያገባል ብዬ የማልጀምረው። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በፕሌይኦፍ፣ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች፣ ተጋጣሚው ከሜዳ ሊያስወጣው ይችላል ወይ? ሞዝጎቭን 28 ነጥብ አላዳነውም።

ሞዝጎቭን ካነሣሁ፣ ሌከርስ ውሉ ቆጨውና በ2017 ከዲአንጀሎ ራስል ጋር አድርጎ ለብሩክሊን ሰጠው። በምላሹ ከመጡት አንዱ ማን ነበር? ብሩክ ሎፔዝ። እስኪ ይህን ሰው እዩት።

ሎፔዝ በመጀመሪያዎቹ ስምንት የውድድር ዓመታቱ በድምሩ ያስገባው ባለ 3 ነጥብ ሦስት ነው። የድሮ ሴንተር፤ ጀርባ ለቅርጫት፣ ሁክ፣ መግፋት። በ2016-17 በአንድ ዓመት ብቻ 134 አስገባ። ያው ሰው! በ2018 ውሉ አልቆ ነጻ ሲሆን ገበያው ግን ፊቱን አዞረበት። ሚልዋኪ በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰደው። ሞዝጎቭ በዓመት 16 ሚሊዮን እንደተከፈለው አስታውሱ። ሎፔዝ በመጀመሪያው የሚልዋኪ ዓመት 187 ባለ 3 ነጥብ አስገባ። በ2021 ሻምፒዮን ሆነ። ደስ የሚለኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መከላከል ላይ ምንም አልተለወጠም። ያው ቅርጫቱ ሥር ይቆማል፣ ያው ይዘጋል። የለወጠው ሲያጠቃ የሚቆምበትን ቦታ ነው። ሰባት ሜትር ወደ ኋላ ተራመደ፤ በቃ።

ሁሉም ሰው ግን ሎፔዝ መሆን የለበትም። ጀርባን ለቅርጫት ሰጥቶ መጫወት ሞቷል የሚሉኝን ወደ ዮኪች እመራቸዋለሁ። በ2014 ድራፍት 41ኛ ነው የተመረጠው። ስሙ ሲጠራ ቴሌቪዥኑ የታኮ ቤል ማስታወቂያ እያሳየ ነበር፤ የሰውየው ስም ከሥር በጽሑፍ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ፊላደልፊያ ጃሊል ኦካፎርን በሦስተኝነት መረጠ። ኦካፎር ቅርጫቱ ሥር አርቲስት ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ 17.5 ነጥብ በአማካይ አስቆጠረ። ዮኪች አይዘልም፣ አይሮጥም፣ ሲያዩት እንቅልፉን ያልጨረሰ ይመስላል። ኦካፎር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሊጉ ወጣ። ዮኪች የ2021፣ የ2022 እና የ2024 ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በ2023 ዴንቨርን ሻምፒዮን አደረገ።

ሁለቱም ጀርባቸውን ለቅርጫት ይሰጣሉ። ልዩነቱ ኳሷ እጃቸው ስትገባ ነው። ኦካፎር ጋ ስትደርስ ጉዞዋ ያበቃል። የቀሩት አራቱ ቆመው ያያሉ። ዮኪች ጋ ስትደርስ ጉዞዋ ይጀምራል። ሁለት ሰው ቢይዘው ያቀብላል፣ አንድ ሰው ቢይዘው ያገባል። ያ ሁሉ ወደ ውጭ የተለጠጠው ሜዳ፣ ሂበርትን ያፈረሰው ሜዳ፣ ለዮኪች የአትክልት ቦታ ሆነለት። በ2024-25 በአማካይ 29.6 ነጥብ፣ 12.7 ሪባውንድ፣ 10.2 አሲስት፣ ማለትም ነጥብ ያስገኘ ማቀበል፣ አመጣ። በዓመት አማካይ ሦስቱንም ከአሥር ያሻገረ ሴንተር ከሱ በፊት አልነበረም።

ግን አዲስ ፍጡር አድርገን አንየው። ሊትዌኒያዊው ሴንተር አርቪዳስ ሳቦኒስ ነበር። ፖርትላንድ በ1986 መርጦት የመጣው በ1995 ነው። እግሮቹ በጉዳት አልቀዋል፣ ዕድሜው 30 ተሻግሯል። እንዲያም ሆኖ ሲያቀብል ያየ አይረሳውም። በሃያ ሁለት ዓመቱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ።

ሩዲ ጎቤርን ካላነሣሁ የሚጣላኝ አለ። በ2021 ፕሌይኦፍ ከክሊፐርስ ጋር በስድስተኛው ጨዋታ፣ ሴንተሩ እሱ የነበረው ዩታ በ25 ነጥብ እየመራ ተገለበጠ። የክሊፐርሱ ተራንስ ማን 39 ነጥብ አገባ። ጎቤር ቅርጫቱን ለማዳን ሲሮጥ ይኸው ተራንስ ማን ጥግ ላይ ብቻውን ይቀራል። ዓለም በሙሉ ጎቤር ላይ ዘመተበት። እኔ ያንን ጨዋታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የሚታለፉት ፊት ያሉት ጠባቂዎች ናቸው። በር ክፍት ትተው ዘበኛውን ይከሳሉ። በ2022 ሚኒሶታ አምስት ተጫዋችና አራት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከፍሎ ወሰደው። ሰዉ ሳቀ። በ2023-24 የሊጉ ምርጥ መከላከል የሚኒሶታ ነበር፤ ጎቤርም ለአራተኛ ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ፊቱ ላይ የሚሮጡ ልጆች አገኘ፤ ሌላ ተአምር የለም። እውነት ነው፣ በምዕራቡ ፍጻሜ ሉካ ዶንቺች ብቻውን አግኝቶት በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ባለ 3 ነጥብ አገባበት። ያንን ቪዲዮ የማያውቅ የለም። ግን ዶንቺች በስንት ሰው ላይ ነው እንዲህ ያላገባው?

አሁን ደግሞ ነገሩ እየተገለበጠ ነው። ሁሉም ሲያጥር፣ ሁሉም ከርቀት ሲወረውር፣ የሚሳት ኳስ በዛ። የተሳተውን ኳስ መልሶ የሚይዝ ሰው ውድ ሆነ። በ2025 ፕሌይኦፍ ሂውስተን ስቲቨን አዳምስንና አልፐረን ሸንጉንን፣ ሁለት ግዙፎችን አንድ ላይ አሰለፈ። ተጋጣሚው ማን ነበር? ያው ጎልደን ስቴት። ዋሪየርስ አዳምስን ሆን ብለው ፋውል መሥራት ጀመሩ፤ ከሜዳ እንዲወጣላቸው! በ2015 ሴንተር ትርፍ ነው ብለው ያስተማሩን ሰዎች ናቸው። ተከታታዩን በሰባት ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ግን ላብ አስጠመቋቸው።

በዚያው ዓመት ፍጻሜ ኦክላሆማ ሲቲ ከኢንዲያና ተገናኘ። ኦክላሆማ በ2024 ክረምት ሴንተሩን አይዛያ ሃርተንስታይንን ለሦስት ዓመት በ87 ሚሊዮን አስፈርሞ ከሌላው ረጅም ሰው ከቼት ሆልግረን ጋር አጣምሮት ነበር። ፍጻሜው ሲጀምር አሰልጣኙ ፈራ መሰለኝ፣ ሃርተንስታይንን ከቋሚ አሰላለፍ አወጣው። ኢንዲያና 2 ለ 1 መራ። በአራተኛው ጨዋታ ሃርተንስታይን ወደ ቋሚነት ተመለሰ። ኦክላሆማ አሸነፈ፣ በሰባተኛው ዋንጫውን አነሳ። ልብ አላችሁ? በ2015፣ 2 ለ 1 እየተመራ፣ በአራተኛው ጨዋታ ረጅሙን ሰው ያስወጣው ቡድን ሻምፒዮን ሆነ። በ2025፣ 2 ለ 1 እየተመራ፣ በአራተኛው ጨዋታ ረጅሙን ሰው የመለሰው ቡድን ሻምፒዮን ሆነ። ልክ አሥር ዓመት።

ስለ ዌምባንያማ ምንም አላልክም ትሉኛላችሁ። 2 ሜትር ከ24 ሆኖ እንደ አጫጭሮቹ ጋርዶች ኳስ የሚያነጥር ልጅ ለዛሬው ርዕስ አይመችም። የማንም ምሳሌ አይሆንም።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ልጅ ተነሣ። ሲነሣ ጊዜ ወሰደበት፤ ረጅም ነው። ምን ልማር ብሎ ጠየቀኝ። ማቀበል አልኩት። ኳስ ከመምጣቷ በፊት አንገትህን አዙረህ አራቱ ጓደኞችህ የት እንዳሉ እይ። ከዚያ እግርህን ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ተማር፤ አጭር፣ ፈጣን እርምጃ። ውርወራው በኋላ ይደርሳል።

«አሰልጣኜ ግን እዚያ ቁም ነው የሚለኝ» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።